የራይዞቢየም ባክቴሪያ አቀማመጥ፦ በላቦራቶሪና በማኅበር መጋዘን

ራይዞቢየም የሚባለው ባክቴሪያ በባቄላ፣ በሽምብራና በመሳሰሉት ሰብሎች ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ይኖራል፤ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰደም ተክሉን ይመግባል። ለገበሬው በከረጢት የሚታደለው ሕያው ማዳበሪያ ይኸው ባክቴሪያ ነው።

በላቦራቶሪ ባክቴሪያው ከምግብ ወደ ምግብ በተደጋጋሚ ሲዛወር ሌላ ተሐዋሲ ሊቀላቀልበት፣ እባጭ የመሥራት ችሎታውም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ መነሻው ዘር እንደሚከተለው በቅዝቃዜ ይቀመጣል።

1. አዲስ የተራባው ባክቴሪያ ከጸዳ ግሊሰሮል ጋር ይደባለቃል፤ ግሊሰሮሉ ከድብልቁ 20 በመቶ ያህል ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሠራ ሕዋሱን ይጎዳል፤ ግሊሰሮል ይህን ጉዳት ይቀንሳል።

2. ድብልቁ በትናንሽ ብልቃጦች ተከፋፍሎ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ከዜሮ በታች በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ ለብዙ ዓመታት ይቆያል።

3. አንድ ጊዜ የቀለጠ ብልቃጥ ተመልሶ በረዶ ውስጥ አይገባም፤ መቅለጥና መርጋት ሲደጋገም ባክቴሪያው ያልቃል።

በማኅበር መጋዘን ያለው ከረጢት ግን እንደ ብልቃጡ ለበረዶ አልተዘጋጀም። ስለዚህ በረዶ ቤት አይግባ፤ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከኬሚካል ርቆ በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ጊዜው ያለፈበት አይታደል። ዘሩ በጥላ ሥር ተለውሶ ወዲያው ይዘራ።

የሞተው ባክቴሪያ ከሕያው በዓይን አይለይም፤ ገበሬው ጉዳቱን የሚያውቀው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። የልማት ሠራተኛው ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ጥቂት ተክል ነቅሎ እባጩን ይሰንጥቅ፤ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው።