ኢንተርኔት ሲጠፋ ብቅ የምትለው እንስሳ



ባለፈው ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህታችን ስልኳን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ማዳሟ ማታ ማታ ዋይፋዩን ታጠፋለች። በዚያ ሰዓት ክሮምን ስትከፍት አንዲት ትንሽ ግራጫ እንስሳ ብቅ ትልባታለች። ቫይረስ መስሏት፣ ከልጇ ጋር የምትገናኝበት ብቸኛው ስልክ እንዳይበላሽ ፈርታ፣ ሦስት ቀን ሳትከፍተው ቆየች። እንስሳዋን በጣታችን ስንነካት መሮጥ ጀመረች። እህታችን ሳቀችና «ግን ምን ይጠቅማል ብለው ሠሩት?» ስትል ጠየቀችን።

እንስሳዋ ዳይኖሰር ናት። የጉግል ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2014 ክሮም ውስጥ ያስገቧት ለቀልድ ነው፤ ዋይፋይ የሌለው ሰው ወደ ጥንት ዘመን ተመለሰ ለማለት። ኢንተርኔት ስለማትፈልግ ካርድ አትበላም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 እንደገለጸው በየወሩ 270 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ሰዎች ይጫወቱባት ነበር።

የምትሮጠው ጃቫ ስክሪፕት በሚባል ቋንቋ በተጻፈ ትእዛዝ ነው። ድረ ገጽ ቀድሞ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ ማስታወቂያ ነበር፤ ይነበባል እንጂ አይንቀሳቀስም። እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋውን የመጀመሪያ ቅጂ በ10 ቀን ሠራ። ከዚያ ወዲህ ገጹን «ሲነኩህ እንዲህ አድርግ» ብሎ ማዘዝ ተቻለ።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሪካርዶ ካቤሎ የተባለ ስፔናዊ የጉግልን መፈለጊያ ገጽ የሚመስል ሠራ። ገጹ ሲከፈት ስሙም ቁልፉም ተናግቶ ወደ ታች ይወድቃል፤ አንስታችሁም ልትወረውሩት ትችላላችሁ። ይህ ምን ይጠቅማል? ለጊዜው ምንም። ነገር ግን ዕቃ እንዲወድቅ ለማድረግ ክብደቱንና ፍጥነቱን ማስላት ያስፈልጋል። ያው ሰው በዓመቱ ስሪ ጄኤስ የተባለውን መሣሪያ አወጣ፤ ዛሬ በብዙ ድረ ገጾች ላይ ቤትና ዕቃ በየአቅጣጫው እየዞረ የሚታየው በእርሱ ነው።

እኛም ጨዋታውን ስንንቅ ቆይተን የቅኔ ቤት ትዝ አለን። ጀማሪው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። ትታረማለች፣ ትረሳለች፤ ነገ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። የተረሳችው ምን ጠቀመች ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለምትፈሩ አንድ ነገር እንጨምር። በገጽ ውስጥ የተጻፈ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ካልፈቀዳችሁለት በቀር ፎቶአችሁን አያይም፤ ገጹን ስትዘጉም ይቆማል። የይለፍ ቃል ወይም የፓስፖርት ቁጥር ጻፉ የሚል ገጽ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ወዲያው ዝጉት።

ለመሞከር የስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ተጫኑ፣ ክሮምን ከፍታችሁ ማንኛውንም አድራሻ ጻፉ፣ ዳይኖሰሯን ንኩ። በነካችሁ ቁጥር ትዘላለች። (የእኛን ውጤት አንናገርም፤ እህታችን በልጣናለች።)

እርሷም ስትሄድ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችን፤ እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ራሷ መጻፍ ትችል እንደሆነ። በጽሕፈት ቤታችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። በሚመጣው ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ከእርሷ ጋር እንሞክራለን፤ ወንበር አለ፣ ኑ።