ነርሷ ለምን ዝም አለች?

ሥራ ቦታ አንድ ሰው ሲያጠፋ አብዛኞቻችን ቶሎ የምናነሣው ጠባዩን ነው፤ «ግዴለሽ ነው»፣ «ፈሪ ናት» እንላለን። የሥነ ልቦና ሊቁ ኩርት ሌዊን ግን እ.ኤ.አ. በ1936 የሰው ድርጊት ከሰውየውም ካለበት ሁኔታም እንደሚመነጭ ጽፏል። ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው የሥራ ቦታዎች አንዱ ሆስፒታል ነው።

አዲስ አበባ፣ ዊንጌት አካባቢ ያለው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1968 ተመሠረተ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ2007 ተከፈተ። እንዲህ ባሉ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች አንድን ታካሚ ሲኒየር ሐኪሙ፣ ሬዚደንቱ፣ ኢንተርኑ፣ ነርሷና ፋርማሲስቱ ይቀባበሉታል። ዕውቀታቸውም ሥልጣናቸውም ይለያያል።

በየትኛውም ሆስፒታል ሊያጋጥም የሚችል ነገር እናንሣ። ነርሷ የታዘዘውን መድኃኒት ስታይ መጠኑ በዛባት። ሐኪሙ ራውንድ ላይ ነው፤ ተማሪዎች ከበውታል። «ዶክተር፣ መጠኑ ልክ ነው?» ብትል በሰው ፊት የምታሳፍረው መሰላት። ባለፈው የጠየቀች ባልደረባዋ «አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» መባሏንም አልረሳችም። ስለዚህ ዝም አለች። ይህችን ነርስ «ፈሪ» ማለት ችግሩን አይፈታም፤ በቦታዋ የምትተካውም ያንኑ ትማራለች።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ስታጠና ተግባብተው የሚሠሩት ጥቂት የመድኃኒት ስሕተት እንደሚኖርባቸው ጠብቃ ነበር። መዝገቡ የተገላቢጦሽ ሆነ። ጠጋ ብላ ስታይ እነዚህ ቡድኖች ስሕተታቸውን በግልጽ ይናገራሉ፤ ሌሎቹ ይደብቃሉ። ሳይሸማቀቁ መናገር መቻልን በ1999 ባሳተመችው ጥናት «ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት» ብላ አብራራችው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያስተዋወቀው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጽም ይህንኑ ያግዛል። ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል። አንዴ አፉን የከፈተ ሰው፣ ኋላ ችግር ሲያይ ለመናገር ይቀለዋል። ታንዛኒያን ጨምሮ በስምንት አገሮች ከተሞች ቅጹ ሲሞከር የታካሚዎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል።

ሳይሸማቀቁ መናገር መቻል በባንክ፣ በፋብሪካና በትምህርት ቤትም ይጠቅማል። አለቃ የሆነ ሰው የበታቹ ሲጠይቀው የሚሰጣት የመጀመሪያ መልስ ትልቅ ክብደት አላት። «ጥሩ አየሽ፤ አብረን እንመልከተው» ቢል የሚሰማው የጠየቀችው ብቻ አይደለችም፤ በዙሪያው የቆሙት ሁሉ ነገ ይናገሩ እንደሆነ የሚወስኑት ከዚያ ነው። ይህ ተጠያቂነትን አያስቀርም። ያልተነገረ ስሕተትን ግን ማንም ሊያርመው አይችልም።