«ትንበያው ትክክል ነበር» ሲባል

ሐምሌ ላይ ራስ መኮንን ድልድይን እየተሻገረ «ዛሬ ይዘንባል» የሚል ሰው የአየር ጠባይ ዐዋቂ አይባልም። በአዲስ አበባ በዚህ ወር ከ30 ቀናት ውስጥ በአማካይ 26 ያህሉ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ዝናብ አያጡም። ሰውየው ወደ ሰማይ ቀና ሳይል በየዕለቱ «ይዘንባል» ቢል ከመቶው ከ85 ጊዜ በላይ ይሳካለታል። ኅዳር ላይ ደግሞ «አይዘንብም» እያለ ይሰንብት፤ ከዚያም የላቀ ውጤት ያገኛል። ለዚህ ሁሉ አንዳችም ፊዚክስ አላስፈለገውም።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፤ በሳይንስ ታሪክ ግን በእውን ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካዊው ጆን ፊንሊ ያወጣቸው የቶርኔዶ ትንበያዎች 96.6 በመቶ ትክክል ሆነው ተቆጠሩ። ተቺዎች ስሌቱን ሲመረምሩት ግን፣ ሁልጊዜ «ቶርኔዶ የለም» ቢባል ኖሮ 98.2 በመቶ ይገኝ እንደ ነበር አሳዩ። ይሁንና ፊንሊ ከ51 ቶርኔዶዎች 28ቱን አስቀድሞ አመልክቷል፤ ሁልጊዜ «የለም» የሚለው አንዱንም አያመለክትም። እንግዲህ ማንን እንመን?

እኛ ትንበያን የምንመዝነው በሚያዝያ ነው። በበልግ መካከል፣ ከ30 ቀናት 10 ያህሉ ብቻ በሚዘንቡበት ወር፣ በግምት መናገር አያዋጣም። በዚያ ላይ የቦታ ጉዳይ አለ። ከድልድዩ እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መስመር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስመ ጥሩው የአውሮፓ የትንበያ ማዕከል ሞዴል ምድርን የሚከፋፍለው 9 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ሕዋሳት ነው። የነጐድጓድ ደመና ግን ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ቦሌ ዶፍ ሲወርድበት ፒያሳ ፀሐይ ቢሆን ሞዴሉ ሁለቱን ለይቶ የሚያይበት ዐይን የለውም። በኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ላይ ከሚሰነዘረው ወቀሳ ጥቂት የማይባለው ከዚህ የመጣ ይመስለናል።

ስለዚህ ትንበያ በዕድል መጠን ቢነገር ይሻላል። «40 በመቶ» የተባለበት አንድ ቀን ቢዘንብም ባይዘንብም ትንበያውን ሐሰት አያደርገውም። እንዲህ የተባለባቸውን መቶ ቀናት ሰብስበን 40 ያህሉ ዘንበው ካገኘን ትንበያው የሚታመን ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ስሕተቱ ማንን ይጐዳል የሚለው ነው። ድሬዳዋ ሞቃትና ዝናብ አጠር ከተማ ናት፤ በዚያ «አይዘንብም» ባዩ ዓመቱን ሙሉ ሊመሰገን ይችላል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ ግን ከከተማዋ በስተደቡብ ባለው ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሕይወት አጠፋ። በመቶኛው ስሌት ያ ሌሊት አንድ ስሕተት ብቻ ነው! በርበሬ ያሰጣች እናት 20 በመቶ ዕድል ሲነገራት ብታሰጣ አትወቀስም፤ በወንዝ ዳር ለሚያድር ቤተሰብ ግን ያው 20 በመቶ ልጆቹን ይዞ ከፍ ወዳለ ቦታ ለመውጣት ይበቃል። በራስ መኮንን ድልድይ ሥር የሚያልፈውም ውኃ ከእንጦጦ በኩል የሚወርድ በመሆኑ፣ የድልድዩ ሰማይ ጥርት ማለቱ ብቻውን ማስተማመኛ አይሆንም።

ተማሪዎች በመጪው በልግ አንድ ደብተር ይያዙ። ማታ ማታ የተነገረውን የዝናብ ዕድል በአንድ ዓምድ፣ በሠፈራቸው የታየውን በሌላው ይጻፉ፤ በሦስተኛው ዓምድ «አይዘንብም» እያሉ ይሙሉ። በሰኔ ሦስቱን ያነጻጽሩ።