እግራችንን ስናጥብ ምን ምን እናጥባለን?

(በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)



የዛሬው ርዕሳችን እግር ነው። ፊታችንን በመስታወት እናያለን፣ እጃችን ሁልጊዜ ከፊታችን ነው። እግር ግን ቀን ጫማ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ብርድ ልብስ ስር ያድራል፤ ካላመመን በስተቀርም አናስታውሰውም። ሆኖም ሶላቱን የሚሰግድ ሰው በቀን እስከ አምስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ እግሩን በገዛ እጁ ይዳስሳል። ይህች አጋጣሚ በተለይ የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው እግሩን ከመቆረጥ ልታተርፍለት ትችላለች። እንዴት የሚለውን ለመረዳት አስቀድመን የእግርን አሠራር እንመልከት።

አላህ (ሱ.ወ) በአንድ እግር ውስጥ፣ ከዳሌ መጋጠሚያ እስከ ጣት ጫፍ፣ 30 አጥንቶችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው የጭን አጥንት ሲሆን በሰውነታችን ውስጥ ካሉት አጥንቶች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የባለቤቱን ቁመት ሩብ ያህል ይሆናል። ላይኛው ጫፉ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚገባ ጭናችን ወደፈለግንበት አቅጣጫ ይዞራል። ታችኛው ጫፉ ከቅልጥም ጋር ተገናኝቶ ጉልበትን ይሠራል። ፊት ለፊት ያለችው የጉልበት ሎሚ ሕፃን ሲወለድ ገና አጥንት አልሆነችም፤ መጠንከር የምትጀምረው ከሦስት ዓመት ዕድሜ ገደማ አንስቶ ነው። ፈርድ የሆኑት 17 ረከዓዎች ብቻ በቀን 34 ሱጁድ አላቸው። ሱጁድ ደግሞ በሰባት አጥንቶች ላይ እንዲሆን ታዘናል። ከሰባቱ አራቱ፣ ማለትም ሁለቱ ጉልበቶችና የሁለቱ እግሮች ጣቶች፣ ከወገብ በታች ናቸው።

ከጉልበት በታች ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ወፍራሙ ቅልጥም ክብደታችንን ይሸከማል። ከፊት በኩል ሥጋ ስላልሸፈነው ከጠረጴዛ እግር ጋር ሲጋጭ ምን ያህል እንደሚያም የማያውቅ የለም። ቀጭኑ አጥንት በውጭ በኩል ነው። ቁርጭምጭሚታችን ላይ በግራና በቀኝ የሚታዩት ሁለት ጉብታዎች ራሳቸውን የቻሉ ትናንሽ አጥንቶች ይመስላሉ፤ ግን አይደሉም። የውስጡ ጉብታ የቅልጥም ጫፍ፣ የውጩ ደግሞ የቀጭኑ አጥንት ጫፍ ነው። አሁኑኑ ዳስሷቸው፤ የውጩ ከውስጡ ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። የሱረቱል ማኢዳ 6ኛ አንቀጽ እግርን እስከ ሁለቱ ቁርጭምጭሚቶች እንድናጥብ ያዘናል። ተጣድፎ በውጩ ጉብታ ልክ የሚያቆም ሰው የውስጡን ሊስተው ይችላል ማለት ነው።

ተረከዝም እንዲሁ ይረሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ጉዞ ላይ የዐስር ሰዓት ደርሶባቸው ሰሐቦች በጥድፊያ ዉዱእ ሲያደርጉ ተረከዛቸው ውሃ ሳይነካው ቀርቶ አይተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስጠንቅቀዋል። ይህ ተረከዝ ከባታችን የሚወርደው ጅማት የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጅማቱ ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ጠንካራው ሲሆን፣ ስንራመድ ተረከዛችንን ከመሬት የሚያነሳው እሱ ነው። ከቁርጭምጭሚት በታች ያሉት አጥንቶች ብቻ በአንድ እግር 26፣ በሁለቱ 52 ይሆናሉ። የአዋቂ ሰው አጥንቶች በጠቅላላው 206 ስለሆኑ ከአጥንቶቻችን ሩቡ የሚገኘው ጫማችን ውስጥ ነው። ሱብሐነላህ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከወገብ የሚነሳው ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ በሰውነታችን ካሉት ሁሉ ወፍራም ነው። በመቀመጫችን ውስጥ አልፎ በጭናችን ጀርባ ይወርድና ወደ ጉልበት ሲደርስ በሁለት ይከፈላል። ተሸሁድ ላይ ረዘም አድርገን ስንቀመጥ እግራችን የሚደነዝዘው ቅርንጫፎቹ ስለሚጫኑ ነው፤ ተነስተን ስንቆም ይለቀናል። የእግር ጣት ጫፍ የሚሰማውን ወደ አከርካሪ የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ለዓመታት በደም ውስጥ የበዛ ስኳር እነዚህን ክሮችና እነሱን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ናቸው። ስለዚህ ድንዛዜው ከጣቶች ይጀምርና ካልሲ እንደማጥለቅ እየሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ይህኛው ድንዛዜ ግን ተነስተን ስንቆም አይለቅም።

አንድ የሰፈራችን አባት ነበሩ፤ ስኳር ካገኛቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ከመስጂድ ተመልሰው ጫማቸውን ሲያወልቁ የልጅ ልጃቸው ካልሲያቸው ላይ ደም አየች። ሚስማር ሶላቸውን በስቶ ገብቷል፤ እሳቸው ግን ምንም አልተሰማቸውም። «ካላመመኝ ምን አለበት?» ብለው ሳምንት አሳለፉ። በመጨረሻ ሁለት ጣቶቻቸው ተቆረጡ። ሕመም ጠላት ይመስለናል እንጂ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ሲተኛ ዐይናችን መተካት አለበት።

ዉዱእ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእግራቸውን ጣቶች መሐል በትንሿ የእጅ ጣታቸው ያሹ እንደነበር ተዘግቧል። በጣቶች መሐል የሚቀር እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል፣ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁም ለተሕዋስያን በር ይሆናል። ስለዚህ ጣትዎን በመሐላቸው ሲያስገቡ ስንጥቅ ወይም ልስላሴ ካለ እግርዎ ባይነግርዎት እንኳ የእጅዎ ጣት ይነግርዎታል። ከዉዱእ በኋላም በደረቅ ጨርቅ መሐል መሐላቸውን ያድርቁ። ቅባት ለተረከዝና ለውስጥ እግር ጥሩ ነው፤ በጣቶች መሐል ግን አይቀቡ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለመግሪብ ዉዱእ ሲያደርጉ፣ ውስጥ እግርዎን በብርሃን ይዩት። ጎንበስ ማለት ያልቻሉ እናትና አባት ካሉ ልጆች ይዩላቸው፤ ይህም ራሱ ኺድማ ነው።

ውሃው ሲሞቅ ደግሞ በእግር አይለካ፤ በክርን ይለካ። በብርድ ጊዜ የደነዘዘ እግርን ለከሰል እሳት አስጠግተው የተቃጠሉ ብዙ ናቸው። ሐጅ የሚሄዱ የስኳር ሕሙማንም በሞቃት ንጣፍ ላይ በባዶ እግር በመሄዳቸው ውስጥ እግራቸው ተልጦ ይመለሳሉ። ኢሕራም ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ነጠላ ጫማን አይከለክልም።

የደም ዝውውሩንም በእጅ መከታተል ይቻላል። ከውስጠኛው ጉብታ ጀርባ፣ በጉብታውና በተረከዙ ጅማት መሐል፣ ሁለት ጣት ሲያሳርፉ ቀስ ያለ ትርታ ይሰማል። ትርታው ካልተገኘ፣ ወይም አንዱ እግር ከሌላው ይልቅ ከቀዘቀዘ፣ ለሐኪም ይነገር።

በካልሲ ወይም በኹፍ ላይ የሚያብሱ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ማበስ ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን ከነሌሊቶቻቸው የተፈቀደ ምሕረት ነው። ነገር ግን ስሜት ያጣ እግር ሦስት ቀን ሳይታይ መቆየት የለበትም። ስኳር ያለባችሁ ማታ አውልቁና እዩት፤ ጠዋት እንደገና ታጥቦ ይለበሳል።

ቁስል ከተገኘ፣ ባያምም እንኳ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጤና ጣቢያ ይታይ። የቤት ውስጥ ምላጭና የባሕል ቅጠል አይነካው። «ውሃ ካልነካው ሶላቴ እንዴት ይሆናል?» ብላችሁ አትጨነቁ። ውሃ የሚጎዳው ቁስል ላይ ሸሪዓው ማቅለያ አለው፤ በፋሻ ላይ ማበስም ሆነ ተየሙም መቼና እንዴት እንደሚሆን የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ቁስሉን ግን ለሐኪሙ አሳዩ።