የሰውነት እንቅስቃሴ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

ንግድ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ሐሳብንም የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን የማያውቅ የለም። አስመጪው ኤል ሲ እስኪከፈትለት፥ ዕቃውም ከጂቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስለት ድረስ ልቡ አያርፍም። ቡና ላኪው የኒውዮርክን ገበያ መውጣትና መውረድ ሲከታተል ያመሻል። ባለ ሱቁም በዱቤ የሰጠውን እየቆጠረ፥ የኪራይና የግብር ቀን ሲቃረብበት ይጨነቃል። ይልቁንም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ዛሬ የተሸጠው ዕቃ ነገ በስንት እንደሚተካ ማስላት ለብዙዎች የዘወትር ሐሳብ ሆኗል።

እንዲህ ያለው ጭንቀት በሒሳብ መዝገብ ባይገባም ወጪው ከፍ ያለ ነው። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አደጋ እንደ ደረሰበት ሆኖ ይሰናዳል፤ ይኸውም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ሆርሞኖች በደሙ ውስጥ ይበዛሉ፥ ልቡ በፍጥነት ይመታል፥ የደም ግፊቱ ይጨምራል፥ ጡንቻው ይወጠራል፥ ለጉልበት የሚሆን ስኳርም ወደ ደሙ ይለቀቃል። ይህ መሰናዶ የጥንቱን ሰው ከአውሬ ለማምለጥ ይረዳው ነበር። የዛሬው ነጋዴ ግን ስልኩን ይዞ ከወንበሩ ሳይነሣ ይውላልና፥ ለሩጫ የተሰናዳው ሰውነት ሳይሮጥ ይመሻል። ነገሩ በየቀኑ ሲደጋገም እንቅልፍ ይጠፋል፥ ራስ ይከብዳል፥ ቁጣ ይቀርባል፤ ውሎ አድሮም ለልብ ሕመም ያጋልጣል።

እንቅስቃሴ የሚጠቅመው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰው ፈጠን ብሎ ሲራመድ ወይም ሲሮጥ ጡንቻው በደሙ ውስጥ ያለውን ስኳር ይጠቀምበታል፤ ከድካሙም በኋላ ውጥረቱ ይለቀዋል። ልማዱ ሲጸና ልቡ በዕረፍት ጊዜ ዝግ ብሎ ይመታል፥ የደም ግፊቱ ዝቅ ይላል፥ እንቅልፉም ይጠልቃል።

ለዚህ አንድ የታወቀ ምርመራ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ የሎንዶን ከተማ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶችን ሠራተኞች ጤንነት መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲነዳ፥ ቲኬት ቆራጩ የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውል ነበር። በአንድ አውቶቡስ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ፥ የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጦ የሚውል ነጋዴ የትኛውን እንደሚመስል ራሱ ይፍረድ።

በከተማችንም ሩጫና ንግድ ተስማምተው እንደሚኖሩ የሚያሳይ ምሳሌ አለን። በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴል የከፈተ ነጋዴም ነው። ማለዳ ሮጦ ከዚያ ወደ ቢሮው የመግባት ልማዱ ብዙ ጊዜ ተነግሮለታል። እርግጥ ከእኛ ማንም የእርሱን ያህል እንዲሮጥ አይጠበቅም፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሰውነቱ ጊዜ መስጠቱን ግን ልንማርበት ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዓመት ስላገለገለ፥ የጭንቀትን ዋጋ ከደብዳቤዎች ያውቀዋል። ዕቃ የዘገየበት ነጋዴ በተቆጣ ጊዜ የሚያጽፈው ደብዳቤ የብዙ ዓመት ደንበኛን በአንድ ገጽ ያሳጣል። የሥራ ኃላፊዬ ሐኪም ባዘዛቸው መሠረት ከመድኃኒታቸው ጋር ማለዳ ማለዳ እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግር መሄድ ከጀመሩ ወዲህ፥ ኤል ሲው ፈጥኖ አልተከፈተላቸውም፥ የምንዛሪውም ዋጋ አልቀነሰላቸውም። ነገር ግን በቁጣ ያጻፉትን ደብዳቤ «እስከ ነገ ይደር» ማለትን ለመዱ፤ ከማግሥቱም ጉዞ ሲመለሱ ግማሹን ያሰርዙታል። በዚህ የተረፈላቸው ደንበኛ አንድ ብቻ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፥ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራም በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚያስፈልግ ገልጿል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን ለሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። እየሄዱ መነጋገር ቢቻል፥ መዝፈን ግን ቢያቅት፥ ልኩ እርሱ ነው። ለዚህም የሐዋሳ ሰው ገንዘብ አያጣበትም፤ የሐይቁ ዳርቻ ሜዳ ነው፥ ጉልበት ያለውም ታቦር ተራራን ይወጣል። ከሱቁ መራቅ የማይችል ደግሞ በየሰዓቱ ተነሥቶ ዕቃውን ያስተካክል፥ ለቅርብ ጉዳይም ባጃጅ ከመጥራት በእግሩ ይሂድ፤ ጥቂቱም ከምንም ይሻላልና።

ሆኖም ደረቱን የሚያመው፥ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። እንቅልፍ ያጣና ሐሳቡ ከአቅሙ በላይ የሆነበትም ከእንቅስቃሴው ጋር የሐኪም እርዳታ መሻት ይገባዋል እንጂ በመጠጥ ልርሳው ማለት አይበጀውም፤ መጠጥ እንቅልፍን ያውካልና።

ክቡራን ነጋዴዎች! መኪናችሁን ዘይት ሳትለውጡ ረጅም መንገድ አትልኩም። የንግድ ቤታችሁን ሁሉ የሚሸከመው ሰውነታችሁም በቀን ሠላሳ ደቂቃ ይገባዋል። ገበያው ነገም ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ አስተውሎ የሚወስን ጤነኛ ባለቤት እንዲያገኝ ከዛሬ ጀምሮ ማሰብ መልካም ነው እንላለን።