ሳልመንን እስከ ጥልቁ የሚከተለው መዘውር

ሰበታ የሚገኘው የብሔራዊ ዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ኩሬዎች ላይ ዓሣው በስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚጨነቅ የለም። ሰው ገብቶ የሚቆምበት ውሃ ነው። መረቡን ከዳር እስከ ዳር መጎተት ነው፤ ቆሮሶውም ካርፑም አንድ ላይ ይወጣል። የማዕከሉ ሰዎች ጭንቀት ሌላ ነው፦ ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፣ ሰበታ ደግሞ ደጋ ናት፤ ስለዚህ ጫጩቱን ማስፈልፈሉና ማሳደጉ ነው ሥራው።

ከአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ሳልመን የሚያጠምድ ሰው ግን ከቤቱ ሲወጣ ጀምሮ የሚያስበው ስለ ጥልቀት ነው። ያው ዓሣ ጎሕ ሲቀድ ከውሃው ገጽ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፤ ፀሐይ ከፍ ስትል አርባ ሜትር ሊወርድ ይችላል። የሚበላቸውን ትናንሽ ዓሦች ይከተላል፣ የሚስማማውን ቅዝቃዜም ይፈልጋል። አጥማጁ ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ አይጠብቀውም፤ ማባበያውን ከጀልባው ኋላ እየጎተተ በዝግታ ይሄዳል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጀልባ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ክሩ ወደ ላይ ይነሳል። እንዳይነሳ ክሩ ላይ ከባድ እርሳስ ቢታሰር ይወርዳል፤ ዓሣው ሲያዝ ግን አጥማጁ የሚታገለው ከዓሣው ጋር ሳይሆን ከእርሳሱ ጋር ይሆናል።

ዳውንሪገር የተባለው መሣሪያ ይህን የፈታው ክብደቱን ከማጥመጃው ክር በመለየት ነው። ቀላል ብልሃት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሥራው ሁሉ ያለው በዚያ መለየት ላይ ነው።

ጀልባው ጎን ላይ አንድ መዘውር ይታሰራል። በመዘውሩ ላይ ቀጭን የብረት ገመድ ተጠቅልሏል፤ ገመዱ በአጭር ክንድ ጫፍ ባለች መሽከርከሪያ በኩል አልፎ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ የእርሳስ ኳስ ተንጠልጥሏል። ከኳሱ አጠገብ መቆንጠጫ አለ። አጥማጁ ማባበያውን መጀመሪያ ከጀልባው ኋላ ጥቂት ሜትር ይለቅና የማጥመጃ ዘንጉን ክር በመቆንጠጫው ያስይዘዋል። ከዚያ መዘውሩን እያላላ ኳሱን ያወርደዋል፤ ክሩም አብሮ ይወርዳል። ስንት ሜትር እንደወረደ የሚቆጥር ቆጣሪ መዘውሩ ላይ አለ። የፈለገበት ጥልቀት ሲደርስ ይቆልፈዋል፤ በዘንጉ ላይ የቀረውን የላላ ክር ደግሞ እየጠቀለለ ዘንጉ እስኪጎብጥ ያጠብቀዋል።

ዓሣው ማባበያውን ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ተላቅቆ ይወጣል። ጎብጦ የነበረው ዘንግ ቀጥ ይላል፤ ለቅጽበት ምንም የሌለበት ይመስላል። ጀማሪው እዚህ ላይ «አመለጠኝ» ብሎ እጁን ያላላል። የለመደው ግን ባለ በሌለ ኃይሉ ክሩን ይጠቀልላል፤ ምክንያቱም ከታች እስከ ላይ ያለው ክር ሁሉ ገና ላላ ነው። ያ ላላ ክር ሲያልቅ ዓሣው ይሰማል። ከዚህ በኋላ በእጁ ያለው ዘንግ፣ ክርና ዓሣ ብቻ ነው፤ እርሳሱ ለብቻው በገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

መሣሪያው በሰፊው የታወቀው በባሕር ላይ ሳይሆን በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ ነው። የፓስፊክ ሳልመን ደግሞ የዚያ አገር ተወላጅ አልነበረም። የሚቺጋን ግዛት የዓሣ ባለሙያዎች ኮሆ የሚባለውን የፓስፊክ ሳልመን በ1966 እ.ኤ.አ. ወደ ሚቺጋን ሐይቅ በሚፈሱ ወንዞች ለቀቁ፤ በዓመቱ ቺኑክ የተባለው ትልቁ ዝርያ ተከተለ። በበጋ የሐይቁ ላይኛው ውሃ ይሞቃል፣ ከሥሩ ያለው እንደቀዘቀዘ ይቆያል፤ ሳልመን ሁለቱ የሚገናኙበት አካባቢ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ያለውን ውሃ ይመርጣል። መንጠቆን እዚያ ቀጭን ንጣፍ ላይ አውርዶ ማቆየት የሚችል ነገር ሲፈለግ ዳውንሪገር ገበያ አገኘ። ከሩቅ የመጣ ዓሣ የአገሬውን አጥማጅ ልማድ ሲቀይር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እኛም ዘንድ ካርፕ ከጣሊያን መጥቶ የገባው አባ ሳሙኤል ግድብ ነው፤ ዛሬ ከአዋሽ እስከ ሰበታ ኩሬዎች ድረስ የቤተኛ ያህል ሆኗል።

በሞተር ጀልባ ላይ ኳሱ ከአራት ተኩል እስከ ሰባት ኪሎ ይመዝናል፤ መዘውሩን የሚያዞረውም ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። ካያክ ግን ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ ናት፤ ሰባት ኪሎ ከአንድ ጎኗ ተንጠልጥሎ ማዕበል ቢመታት መገልበጧ ነው። ስለዚህ የካያክ አጥማጆች ከአንድ እስከ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ኳስና በእጅ የሚዞር ትንሽ መዘውር ይይዛሉ። መዘውሩን የሚያስሩት ከመቀመጫው ፊት፣ ዘወር ሳይሉ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ኋላ ላይ ማሰር ያምራል፤ ግን ገመዱ አንድ ነገር ቢይዘው ወደ ኋላ ዞሮ ለመፍታት መሞከር ራስን ወደ ውሃው መጋበዝ ነው።

ቀላል ኳስ የራሱ ጣጣ አለው። ካያኳ በሰዓት ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ስትሄድ ገመዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ወደ ኋላ ያጋድላል። ቆጣሪው ሠላሳ ሜትር ቢልም ገመዱ ሠላሳ ዲግሪ ካጋደለ ኳሱ ያለው ሃያ ስድስት ሜትር ላይ ነው። አራት ሜትር ለሳልመን ትልቅ ልዩነት ነው። ብዙዎች የብረት ገመዱን አውጥተው በቀጭን የተጎነጎነ ክር የሚተኩት ለዚህ ነው፤ ውሃው የሚገፋው ነገር ያንሳል። ሌላው ጥቅሙ በቢላ መቆረጡ ነው። ኳሱ ድንጋይ ሥር ቢወሸቅና ማዕበሉ ካያኳን ከላይ ቢገፋት ጎኗ ወደ ውሃው ይሳባል። ያኔ የኳሱን ዋጋ የሚያሰላ ሰው ሞኝ ነው፤ ቢላው ደረት ላይ መንጠልጠል ያለበት ለዚያች ደቂቃ ነው። የነፍስ አድን ጃኬቱና ውሃ የማያስገባው ልብስም እንዲሁ፤ በፒዩጀት ሳውንድ የውሃው ሙቀት በበጋም ከ10 ዲግሪ ብዙ አይርቅም፤ ሰውነት በደቂቃዎች ይደነዝዛል።

ፒዩጀት ሳውንድ ማለት ሲያትል የተቆረቆረችበት የባሕር ክንድ ነው፤ ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ኤሊየት ቤይ ከመሐል ከተማው ሕንጻዎች ሥር ይጀምራል፤ ካያክ ይዞ ከሥራ በኋላ መውረድ ይቻላል። አቆስጣ የተያዘውን ዓሣ ከመንጠቆ ላይ ነጥቆ የሚሄድበት ውሃም ይኸው ነው፤ ታግለህ ታግለህ ጭንቅላት ብቻ ታወጣለህ።

እዚያ ውሃ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። የፒዩጀት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ የመጥፋት ስጋት ካለባቸው ዝርያዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሚጠመደው በአብዛኛው በማስፈልፈያ ጣቢያ አድጎ የተለቀቀው ነው። የሚለየውም በአንድ ምልክት ነው፦ በጀርባው ክንፍና በጅራቱ መካከል ያለችው ትንሿ የሥብ ክንፍ ከመለቀቁ በፊት ተቆርጣለች። መንጠቆው ወደ ኋላ የዞረ እሾህ የሌለው መሆን አለበት። ክንፏ ካለች ዓሣው የዱር ተደርጎ ይቆጠራል፤ እንዲለቀቅ ከተደነገገ ደግሞ ወደ ጀልባው ማንሳት እንኳ አይፈቀድም። የካያክ አጥማጅ እዚህ ላይ ይቀናዋል፤ ከውሃው ጋር እኩል ተቀምጧልና መረቡን ውሃው ውስጥ እንዳለ ይዞ፣ ክንፏን አይቶ፣ መንጠቆውን በመንቀያ አዙሮ ያወጣል፤ ዓሣው አየር ሳይነካው ይሄዳል።

ታዲያ አንድ ሰው ይህን መሣሪያ ይዞ ወደ አገራችን፣ ለምሳሌ ቡራዩ፣ ቢመጣ የት ያጠምድበታል? ገፈርሳ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ እንጂ የመዝናኛ ሐይቅ አይደለም። የሱሉልታ ሜዳ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ ከዚያ በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ከሳልመን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው ትራውት ባሌ ውስጥ አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በተራራ ወንዞች የተለቀቀ ነው፤ እሱ ግን ዳር ቆመው የሚያጠምዱት ነው።

ጥልቅ ሐይቅስ አጥተን አይደለም። ሻላ 266 ሜትር ይወርዳል፣ ቢሾፍቱ 87። ነገር ግን በእኛ አገር ጥልቀት ለዓሣ መጠለያ አይሆነውም። ተመራማሪው ባክስተርና ባልደረቦቹ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ያሉ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ላይኛውና ታችኛው ውሃ የሚለያዩት በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ነው፤ ያችው ልዩነት ግን ታችኛውን ከአየር ለመነጠል ትበቃለች። ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም፤ ዓሣው የሚኖረው ከላይ ነው። ከጥቅምት በኋላ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይገለባበጣል፤ ያ አየር አልባ ውሃ ወደ ላይ ሲመጣ ዓሣው በብዛት ሞቶ ዳር ይወጣል። ዳውንሪገር ሃምሳ ሜትር ቢወርድ የሚያገኘው ባዶ ነው።

ጣና ደግሞ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ነው። የደንገል ታንኳ ከካያክ ብዙ አይለይም፤ ቀዛፊው አንድ ነው፣ ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ዓሣ በሊታ የሆኑት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች የሚያሳድዱት እዚያው ላይኛው ውሃ ላይ ስለሆነ ጥቂት ግራም እርሳስ ያለው ክር ከታንኳው ኋላ ቢጎተት ይበቃል፤ መዘውር አያስፈልግም።

የጣና ነጭ ዓሣ ግን በአንድ ነገር ሳልመንን ይመስላል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙዎቹ ዝርያዎች ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብና በሌሎች ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጠጠር ባለበት ንጹሕ ውሃ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ ወዲህ እነዚህ ዝርያዎች በእጅጉ ቀንሰዋል፤ ተመራማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች ዋናው በመራቢያ ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው። እዚያ ዓሣውን ለማግኘት ጥልቀት መቁጠር አያስፈልግም።