ያውቁ ኖሯል? የጅማ ቡና ሁለት እንግዶች

ጥርኝ ድመት እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? መልኩና የሌሊት ዙረቱ ያሳስታል እንጂ የራሱ ወገን አለው።

ከጅራቱ ሥር የሚወጣው ዝባድ ከሊሙና ከአካባቢው በከብት ቀንድ ታሽጎ ለውጭ ሽቶ ሠሪዎች ሲሄድ ኖሯል። የሽታውን ኬሚካላዊ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1926 የገለጸው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 ኖቤል ተሸልሟል። ለዝባዱ ተይዞ የሚኖረው እንስሳ ግን ዕድሜውን በጠባብ የእንጨት ጎጆ ይገፋል። ይህ ሊሻሻል ይገባዋል።

ጫካ ያለው ጥርኝ ቡና ለቃሚ መሆኑንስ? ቀዩን እሸት ይውጣል፤ ጣፋጩ ሥጋ ሆዱ ይቀራል፣ ፍሬው ሳይደቅ ይወጣል። ጥርኝ ባገኘበት አይጸዳዳም፤ የለመደው ቦታ አለው። ጠጋ ብለው ቢያዩ ክምሩ ውስጥ የቡና ፍሬ ከሌላ ዛፍ ዘር ጋር ተደባልቋል። ዝናብ ሲጥል ከዚያው ችግኝ ብቅ ይላል።

ሁለተኛው እንግዳ ክፉ ነው። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1922፣ በአገራችን በ1971 ታየ። ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ጥቁር ነጥብ ይጥላል፤ ነጥቡ ይሰረጉዳል፣ ይሰፋል፣ ፍሬው ጠቁሮ ይደርቃል። አምጪው ፈንገስ ነው።

ያ ፈንገስ በዘር ሐረግ ከቡናው ዛፍ ይልቅ ለጥርኙ እንደሚቀርብ ያውቁ ኖሯል? ፈንገስ ተክል አይደለም። ከብርሃን ምግብ አይሠራም፤ ስንቁን የሚያስቀምጠው እንደ እንስሳ ጉበት በግላይኮጅን መልክ ነው።

የጓሮ ድንችን በክረምት በጥቂት ቀን የሚያጠቁረው በሽታ ደግሞ ፈንገስ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ዘመዱ የባሕሩ ቡናማ አልጌ ነው። ዘሩ እርጥብ ቅጠል ላይ በሁለት ጭራ ይዋኛል። እ.ኤ.አ. በ1845 አየርላንድን ለረሃብ የዳረገው እሱ ነው።

ሲቢዲን የሚቋቋመው ቡናስ ከየት መጣ? ከውጭ አይደለም። ጅማ አጠገብ ሜልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች እየዞሩ፣ ጎረቤቱ ሲጠቁር ፍሬው ያልጠቆረውን ዛፍ ለዩ። 74110፣ 74112 እና 74158 የተገኙት እንዲህ ነው። ጫካው ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን የሚመረጥ ዛፍ አይገኝም ነበር።

ችግኝ ሲገዙ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ በ74 ከጀመረ እናቱ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጠች ዛፍ ናት።